ሕመም ይመሰክራል፣ አይፈርድም

ከባድ ሕመም ሰውን ከሐኪም ቤት በፊት ወደ አንድ ጥያቄ ይወስደዋል፦ «ምን በድዬ ነው?» ይህን ጥያቄ በጋሞ ደጋ የሚኖረው ሽማግሌም፣ በአርባ ምንጭ ሲቀላ የሚነግደው ሰውም፣ ሰንበት ሳያጓድል የሚያስቀድሰው ምእመንም፣ በጸሎት ቤት እጁን ዘርግቶ የሚያለቅሰው አማኝም ይጠይቁታል። መልሱ እንደየእምነቱ ይለያያል። አንዱ የአባቶችን ሥርዓት ስለጣስኩ ነው ይላል፤ ሌላው እግዚአብሔር ሲገሥጸኝ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ እምነቴ ስለጎደለ ነው ይላል። ከሁሉም ሥር ግን አንድ ሐሳብ አለ፤ ሕመም ፍርድ ነው፣ የታመመውም ሰው ተፈርዶበታል የሚል። እኔ የምሞግተው ይህን ሐሳብ ነው። ለሙግቴ የምጠራው ማስረጃም እያንዳንዳችን ፊታችን ላይ ይዘነው የምንዞረው አንድ ነርቭ ነው፤ ሐኪሞች ትራይጀሚናል የሚሉት አምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ። ይህ ነርቭ እንዴት እንደተሠራና ምን እንደሚያደርግ በቅጡ ላስተዋለ ሰው፣ ሕመም ስለ አንድ ነገር የሚመሰክር ድምፅ መሆኑ ይገለጥለታል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የመወሰን ሥልጣን ግን የለውም። ምስክርን በዳኛ ወንበር ማስቀመጥ ደግሞ በሽማግሌ ጉባኤም ሆነ በመንግሥት ፍርድ ቤት ፍርድን ያበላሻል።

የጋሞ ሕዝብ ይህን ጥያቄ ሥርዓት አበጅቶለት ሲያስብበት የኖረ ሕዝብ ነውና ክርክሩን ከእርሱ መጀመር ተገቢ ነው። በጋሞ ባህል የኑሮው ሕግ ወጋ ይባላል። ወጋ ሲጣስ የሚፈጠረው ነውር፣ ነውሩም የሚያስከትለው መዘዝ፣ ጎሜ ነው። በታላቅና በታናሽ መካከል ያለው ቅደም ተከተል ሲፋለስ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ተጣልቶ ሳይታረቅ ሲቀር፣ የተከለከለ ነገር ሲደረግ ጎሜ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ቤት በሽታ ሲገባ፣ ከብት ሲያልቅ ወይም ዝናብ ሲቀር ሰዎች የሚጠይቁት የትኛው ጎሜ ይህን አመጣ ብለው ነው። አዋቂ ዘንድ ተሂዶ በደሉ ይፈለጋል፤ ሲገኝም ባለጉዳዩ የማኅበረሰቡ መሰብሰቢያ በሆነው ዱቡሻ በሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ ጥፋቱን ይናገራል፣ ይታረቃል። ዶኮ በሚባለው የጋሞ ደጋ የኖረችው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ዴና ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህ አስተሳሰብ ከመሥዋዕቱ፣ ከሹመቱና ከስብሰባው ሥርዓት ጋር እንዴት እንደተሳሰረ በዝርዝር አሳይታለች። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በደጋው ሲስፋፉ ብዙ ሰው ጎሜን ትቶአል። ጥያቄው ግን አልቀረም። ጎሜን የተወ ሰውም ሲታመም በሕይወቱ ውስጥ የተደበቀ ኃጢአት ይፈልጋል፤ ካላገኘም ጎረቤቶቹ ይፈልጉለታል። ስለዚህ የምናገረው ስለ አንድ ሕዝብ ወይም ስለ አንድ ሃይማኖት አይደለም፤ ሁላችንም ስለምንጋራው የማሰብ ልማድ ነው።

ወደ ነርቩ እንምጣ። ከአንጎል ከሚወጡት አሥራ ሁለት ጥንድ ነርቮች ትራይጀሚናል በውፍረቱ አንደኛ ነው። በቀኝና በግራ ከአንጎል ግንድ መካከለኛ ክፍል ይወጣና ብዙም ሳይርቅ በጆሮ በኩል ባለው ዐለት መሰል አጥንት ጫፍ ላይ የሕዋሳት እብጠት ሠርቶ ያርፋል። ከዚያ በሦስት ቅርንጫፎች ይከፈላል። የመጀመሪያው በዓይን ጉድጓድ በኩል አልፎ ለዓይን፣ ለግንባርና እስከ መኻል አናት ላለው ቆዳ ስሜት ይሰጣል። ሁለተኛው ለጉንጭ፣ ለላይኛው ከንፈር፣ ለላይኛው ጥርስና ለላንቃ ነው። ሦስተኛው ለአገጭ፣ ለታችኛው ከንፈር፣ ለታችኛው ጥርስና ለምላስ የፊት ክፍል ስሜት ይሰጣል፤ ከሦስቱ ይህ ብቻ የማኘክ ጡንቻዎችን የሚያንቀሳቅሰውን ክር ጨምሮ ይይዛል። በማንኛውም ሰው የራስ ቅል ላይ በየጎኑ ከዓይን በላይ፣ ከዓይን በታችና በአገጩ በኩል አንድ መስመር የያዙ ሦስት ቀዳዳዎች ወይም ጎድጎድ ያሉ መውጫዎች ይታያሉ፤ የሦስቱ ቅርንጫፎች መውጫዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 በጋሞ ደጋ በሞታ ዋሻ ውስጥ 4,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሰው አፅም ተገኝቶ ባይራ የሚል ስም ተሰጠው። ዘረመሉ ተነብቦ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተም ከአፍሪካ ጥንታዊ ሰው የተነበበ የመጀመሪያው ሙሉ ዘረመል ሆነ። ተመራማሪዎቹ ዘረመሉን ያወጡት የትራይጀሚናል እብጠት በጫፉ ላይ ከሚያርፍበት ከዚያው ዐለት መሰል አጥንት ነበር። ባይራ ቅዳሴ ከመሰማቱ፣ ወንጌል ከመሰበኩ በፊት የኖረ ሰው ነው። ይህ ነርቭ ግን በእርሱም ፊት ላይ ነበረ፤ ፀሐይ ያሞቀው፣ ብርድ የቆረጠው፣ ጥርሱ ያመመው በዚሁ መንገድ ነው። ነርቩ የሰውነት መብት ሆኖ የተሰጠ ነው፤ ጻድቅና ኃጥእ እየለየ የሚገባ አይደለም።

የዚህ ነርቭ የመጀመሪያ ሥራ ማሳመም እንዳልሆነም ማየት ያስፈልጋል። ፅንስ በማኅፀን ሳለ ለንክኪ መጀመሪያ ምላሽ የሚሰጠው በአፉ ዙሪያ ነው፤ ይህም የትራይጀሚናል ግዛት ነው። ሲወለድም ጉንጩን ጡት ሲነካው አፉን ወደዚያ የሚያዞረው በዚሁ ነርቭ ነው። ካህኑ መስቀሉን በግንባራችንና በከንፈራችን ሲያሳርፍ፣ ዘመድ ከዘመዱ ጉንጭ ለጉንጭ ሲሳሳም፣ የጨንቻ ደጋ ብርድ ፊትን ሲያቀዘቅዝ የሚሰማን በእርሱ በኩል ነው። አርባ ምንጭ ላይ ለሚኖር ሰው ከዚህም የሚደንቅ ምሳሌ በጫሞ ሐይቅ ዳር አለ። የአዞ መንጋጋ ላይ ነጠብጣብ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉብታዎች የሚታዩት የዚሁ የትራይጀሚናል ነርቭ መዳረሻዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት የናይል አዞንና የአሜሪካውን ዘመዱን የመረመሩ ሳይንቲስቶች እነዚህ ጉብታዎች ከሰው የጣት ጫፍ ይልቅ ረቂቅ ንክኪ እንደሚለዩ አሳይተዋል። አዞ በጨለማ ውኃ ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን የሚያውቀው በእነዚህ ነው፤ እናቲቱም የተፈለፈሉ ልጆቿን አጥንት በሚሰብር መንጋጋዋ ይዛ ሳትጎዳቸው ወደ ውኃ ታወርዳቸዋለች። ያው ነርቭ ለአደንም ለእንክብካቤም ያገለግላል። ሕመም ከዚህ ሰፊ የመሰማት ችሎታ አንዱ ክፍል ነው፤ የመሰማት ችሎታው ደግሞ ከእናት ጡት ጀምሮ ከሌላው ፍጡር ጋር የሚያገናኘን ነገር ነው።

ሕመም ይመሰክራል ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በዓይን ላይ በደንብ ይታያል። የዓይናችን የፊት ብሌን በሰውነት ውስጥ ነርቭ እጅግ ከበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ስትነካው መልእክቱ በትራይጀሚናል የመጀመሪያ ቅርንጫፍ ወደ አንጎል ግንድ ይደርሳል፤ ከዚያ በሰባተኛው ነርቭ በኩል ትእዛዝ ይወጣና ሁለቱም ዓይኖች በቅጽበት ይጨፈናሉ። ሰውየው ገና ሳያስብ ዓይኑ ድኖአል። ይህ ምስክር ዝም ሲል ምን እንደሚሆን የሥጋ ደዌ በሽታ ያሳያል። የበሽታው ባክቴሪያ ነርቮችን እየጎዳ ትራይጀሚናልን ሲነካ ብሌኑ ይደነዝዛል፤ ሰውየው አቧራውን አያውቀውም፣ አይጨፍንም፣ ቁስሉም ሳያመው ዓይኑን ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተመሠረተው አለርት ሆስፒታል፣ ኋላም ከጎኑ የተቋቋመው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም፣ ከዚህ ጉዳት ጋር ሲታገሉ ኖረዋል። ሲወለዱ ጀምሮ ሕመም የማይሰማቸው ጥቂት ሕፃናትም አሉ፤ ጥርስ ሲያበቅሉ የገዛ ምላሳቸውንና ከንፈራቸውን ያኝካሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ሕመም ፍርድ ከሆነ ሕመም የማይሰማው ሰው ነጻ የተባለ ሰው መሆን ነበረበት። ለብዙ ዘመን ግን የተረገመ ተብሎ ከመንደር የተባረረው ሕመም የማይሰማው የሥጋ ደዌ ታማሚ ነው። ይህ ብቻ ፍርድ የሚለው አነባበብ የማይጸና መሆኑን ያሳያል፤ ቢያመንም የተፈረደብን እንባላለን፣ ባያመንም የተረገምን።

ምስክር ግን እውነተኛ ቢሆንም ሊሳሳት ይችላል፤ ትራይጀሚናል የሚያስተምረን ሁለተኛ ነገር ይህ ነው። በመጀመሪያ በቦታ ይሳሳታል። ከላይኛውና ከታችኛው ጥርስ የሚመጡ የሕመም መልእክቶች በአንጎል ግንድ ውስጥ ወደ አንድ ማዕከል ስለሚገቡ፣ የላይኛው መንጋጋ ጥርሱ የተበሳ ሰው የታችኛው ነው የሚያመኝ ብሎ ሊምል ይችላል። ያው ማዕከል ወደ አንገት ኅብለ ሰረሰር ስለሚወርድ ከአንገት የሚነሣ ሕመም ግንባር ላይ ይሰማል። በሁለተኛ ደረጃ ጉዳት ሳይኖር ጉዳት አለ ይላል። ዶርዜ ላይ ቆጮ በዳጣ ሲቀርብ አፍ የሚቃጠለው እሳት ስላለ አይደለም፤ በዳጣው ቃሪያ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ሙቀትን የሚለየውን የነርቩን መቀበያ ስለሚከፍተው ነው። ይህን መቀበያ ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። በሦስተኛ ደረጃ፣ ከሁሉም የሚከፋው፣ ነርቩ ራሱ ሲታመም ነው። የትራይጀሚናል ነርቭ ሕመም የሚባለው በሽታ ፊትን በአንድ ጎን ኤሌክትሪክ እንደያዘው አድርጎ ለሰከንዶች ያናውጣል፤ ፊት መታጠብ፣ ማኘክ፣ መናገር፣ ነፋስ እንኳ ይቀሰቅሰዋል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በነርቩ ሥር ላይ የተጫነ የደም ሥር ነው፤ በየትርታው እየነካው የነርቩን ሽፋን ይልጠዋል። ጉንጩም ጥርሱም ጤነኛ ነው፤ ግን ብዙ ታማሚዎች በሽታው ሳይታወቅላቸው ጤነኛ ጥርሳቸውን ያስነቅላሉ። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 የሕመምን ትርጓሜ ሲያሻሽል የአካል ጉዳት ባይኖርም እንዳለ ሆኖ የሚሰማውን ስሜት በግልጽ ያካተተው እንዲህ ያለውን እውነት ተቀብሎ ነው። ቦታውን እንኳ በትክክል መናገር የማይችል ድምፅ የነፍስን በደል እንዴት አድርጎ ይናገራል?

እዚህ ላይ አማኙ ሰው ጠንካራ መቃወሚያ አለው። ነርቩና የደም ሥሩ መሣሪያ ናቸው፤ እግዚአብሔር በተፈጥሮ ምክንያት በኩል ሊቀጣ አይችልም ወይ? የአሠራሩን ዝርዝር ማወቅ የላኪውን ማንነት አይሽርም ይላል። መቃወሚያው በከፊል እውነት ነው። የነርቩን መንገድ ስላወቅን ብቻ ከመንገዱ በስተጀርባ ማንም የለም ማለት አንችልም፤ እኔም ያን አልልም። ነገር ግን ቅጣት ቅጣት ለመባል ከጥፋቱ ጋር መመጣጠን አለበት። ሕመም ለማን እንደሚደርስ ስናይ የምናገኘው ሥርጭት ደግሞ የበደል ሥርጭት አይደለም። የትራይጀሚናል ሕመም ከሃምሳ ዓመት በላይ ባሉ ሰዎች፣ ከወንዶችም ይልቅ በሴቶች ይበዛል፤ በአብዛኛው የሚወስነው የደም ሥር አቀማመጥ ነው። ትራኮማ ከዚህ ይበልጥ ይናገራል። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ የትራኮማ ሸክም ከሁሉ የሚከብድባት አገር ናት፤ የጋሞ ዞንም በሽታው ከሚገኝባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ተደጋግሞ የሚይዘው ልክፍት የዓይን ቆቡን የውስጥ ገጽ ያጠባስሰዋል፣ ጠባሳው ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የዓይን መርገብገብ ብሌኑን ይቧጭራል፣ ትራይጀሚናልም እያንዳንዷን ጭረት ይናገራል። ብዙ እናቶች ወረንጦ ይዘው ፀጉሩን እየነቀሉ ዕድሜያቸውን ይገፋሉ። በሽታው ሴቶችን ከወንዶች ይበልጥ የሚጎዳው በዋናነት ሕፃናትን ስለሚንከባከቡ ነው፤ የልጅን ዓይን የምትጠርግ እጅ ልክፍቱን ወደ ገዛ ዓይኗ ትወስዳለች። ይህ ሕመም ቅጣት ነው የሚል ሰው ሳያውቀው እናትነት በደል ነው፣ ውኃ ማጣትም ወንጀል ነው እያለ ነው። እግዚአብሔር ጻድቅ ዳኛ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ከሁሉ በፊት ይህን አነባበብ መጣል አለበት፤ ስሙን የሚያጎድፈው ይህ ነውና።

የክርስትና መጽሐፍም በዚህ ነጥብ ላይ የሚያግዘው ከሳሹን አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ያዩ ደቀ መዛሙርት ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ሲጠይቁ ክርስቶስ ሁለቱንም መልስ አልተቀበለም፤ ሰውየውን ፈወሰው። በሉቃስ ምዕራፍ 13 ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር ከሌሎቹ የከፋ በደለኞች አልነበሩም አለ። መጽሐፈ ኢዮብ ከዳር እስከ ዳር የዚህ ጉዳይ ክርክር ነው። የኢዮብ ወዳጆች ለሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት ተቀመጡ፤ ያ ዝምታቸው ደግ ነበር። አፋቸውን ከፍተው ሕመሙን ማስረጃ አድርገው ሊከሱት ሲጀምሩ ግን ተሳሳቱ፤ በመጨረሻም የተገሠጹት እነርሱ ናቸው። እውነት ነው፣ ያው መጽሐፍ በሌሎች ቦታዎች እግዚአብሔር በመከራ ሰውን እንደሚገሥጽ ይናገራል። ሁለቱን የሚያስታርቀው ማን እንደሚናገር መለየት ነው። አንድ ሰው ስለ ገዛ ሕመሙ በጸሎት ቆሞ፣ ይህ መከራ ወደ ልቤ መለሰኝ፣ ያዘንኩበትን ወንድሜን አሳሰበኝ ሊል ይችላል፤ ያ የእርሱና የአምላኩ ጉዳይ ነው። ያንኑ ቃል ሌላ ሰው በእርሱ ላይ ሲናገረው ግን ተግሣጽነቱ ያበቃና ክስ ይሆናል። ከሕመም መማር ይቻላል፤ ሕመምን ጠቅሶ በሌላው ላይ መፍረድ አይቻልም።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከማያምነው ወገን ይመጣል። ሕመም ጠባቂ ነው ካልን ጥቅም የሌለው ሕመም ለምን ይኖራል? የትራይጀሚናል በሽታ የሚጠብቀው ነገር የለም፤ ሰውን ከምግብ፣ ከንግግርና ከመሳም ይከለክላል እንጂ። አንዳንዶች ይህን ለመመለስ እንዲህ ይላሉ፤ ይህን ያህል ረቂቅ ሆኖ የሚሰማ ነርቭ ካለ ሊበላሽ መቻሉም አይቀርም፣ የመሳምን ደስታ ከወደድን የመወጋቱን ዕድል መቀበል አለብን። ይህ መልስ ስለ ፍጥረት ሥርዓት በጥቅሉ እውነትነት አለው፤ የአካል ክፍል ሁሉ የሚሠራበትና የሚበላሽበት ምክንያት ከአንድ አሠራር የሚመነጭ ነውና። ለታመመው ሰው ግን መልስ አይሆነውም፤ የሁላችንም የመሰማት ጸጋ ዋጋው በእርሱ አንድ ጉንጭ ላይ ለምን እንደተከፈለ አይነግረውም። እኔ ይህን ክፍተት በቃላት ለመድፈን አልሞክርም። የምለው ከዚያ ያነሰ ነገር ግን ጽኑ ነው፤ ጥቅም የሌለው ሕመም መኖሩ ፍርድ ነው የሚለውን ሐሳብ ይበልጥ ያዳክመዋል እንጂ አያጠናክረውም። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለዚህም በሽታ ይሰጣል፤ በነርቩ ላይ ያሉትን የሶዲየም በሮች ስለሚገታ ብዙዎች እፎይ ይላሉ። የደም ሥሩን ከነርቩ የሚለይ ቀዶ ሕክምናም አለ። ፍርድ ቢሆን ኖሮ ክኒኑን የሚያዝዘው ሐኪም እስረኛ አስመላጭ በሆነ ነበር። ማንም ልቡ ጤነኛ የሆነ አማኝ እንዲህ አያስብም፤ ለታመመው ይጸልያል፣ መድኃኒቱንም ይገዛለታል። እጃችን የሚያደርገው ደግነት አፋችን ከሚናገረው ክስ ይልቅ እውነቱን ያውቃል።

ሦስተኛው መቃወሚያ ከጋሞ ሽማግሌዎች ሊመጣ የሚችል ነው፤ ለእኔም ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ጎሜ ሕመምተኛውን ብቻውን አይተወውም ይላሉ። ቤተሰቡ ይሰበሰባል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ድሀን የበደለ ባለጸጋ በዱቡሻ ፊት ቆሞ ይናገራል። ሕመምን የነርቭ ጉዳይ ብቻ ስታደርጉት በሽተኛው በሆስፒታል ኮሪደር ካርድ ይዞ ብቻውን ይቀራል። ይህ ቅሬታ እውነት አለው። ጎሜ ያወቀው ትልቅ ነገር የአንድ ሰው ሕመም የሁሉም ጉዳይ መሆኑን ነው፤ ያንን የሚያጣ ማኅበረሰብ ብዙ ያጣል። ሆኖም መሰብሰቡና መካሰሱ አንድ ነገር አይደሉም። ለዚህ ምስክር የሚሆኑት ራሳቸው የጋሞ ሽማግሌዎች ናቸው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢዋ ብዙ የጋሞ ተወላጆች ተገድለው፣ ሌሎችም ተፈናቅለው ሳለ የአርባ ምንጭ ወጣቶች በቁጣ አደባባይ ወጡ። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ሣሩን ተሻግረው ሳይሄዱ ተመለሱ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የተወጋው ሕዝብ ሕመም እውነተኛ ነበር፣ ማንም ሽማግሌ አላመማችሁም አላላቸውም። የከለከሉት ሕመሙ ጥፋተኛ እንዲመርጥ ነው። ግድያውን ባልፈጸመ፣ አርባ ምንጭ ላይ በሚኖር ጎረቤት ላይ መበቀል በላይኛው ጥርስ ሕመም የታችኛውን ጤነኛ ጥርስ እንደመንቀል ነበር። ሽማግሌዎቹ በዚያ ቀን ሕመምን ሰምተው ፍርድን ከእርሱ ለዩ፤ በሕዝብ ሕመም ላይ ያሳዩትን ይህን ጥበብ በአንድ ታማሚ ገላ ላይ መድገም ይቻላል። ይሰብሰቡ፣ የእውነት በደል ካለ ስለ በደልነቱ ይታረቁበት፣ ድሀው ይካስ፤ ነገር ግን የታመመችውን ሴት ምን አድርገሽ ነው ብለው አይጠይቋት።

በመጨረሻ አንድ ፍርሃት አለ። ሕመም ፍርድ ካልሆነ ትርጉም የለሽ ይሆናል፤ ትርጉም የሌለው ሕመም ደግሞ ከቅጣትም ይከፋል የሚል። ብዙ ታማሚ በደል ፈልጎ የሚያገኘው ለዚህ ይመስለኛል፤ ጥፋተኛ መሆን ባዶ ከመሆን ይሻለዋል። ነገር ግን ምስክርነት ራሱ ትርጉም ነው። ምስክር የሚናገረው ለሚሰማ ሰው ነው፤ ከተናገረም በኋላ ጥያቄው ወደ ሰሚው ይዞራል። በገዛ ገላችን ውስጥ ትራይጀሚናል ሲናገር የዓይን ቆብ ይዘጋል፣ እጅ ወደ ዓይን ይሄዳል፤ ሰምቶ ዝም የሚል አካል አካሉን ያጣል። በማኅበረሰብም እንዲሁ ነው። ሽፋሽፍቷ ዓይኗን የሚወጋት እናት ሕመም ስለ እርሷ ኃጢአት የሚናገረው አንዳች ነገር የለም፤ ውኃ በቅርብ እንዳልደረሰ፣ ዝንብ እንደበዛ፣ መድኃኒቱ እንደዘገየ፣ ሠልጥኖ የመጣ የጤና ባለሙያ በአጭር ጊዜ ሊጨርሰው የሚችለው ቀዶ ሕክምና እንዳልተደረገላት ግን በግልጽ ይናገራል። ፊቱን ኤሌክትሪክ የሚነዝረው ሰው ሕመም ስለ እምነቱ ማነስ አይናገርም፤ በሽታውን የሚለይ ሐኪምና የማያቋርጥ ክኒን እንደሚያስፈልገው ይናገራል። ስለዚህ ሕመም የሚያቀርበው ክስ ካለ የሚቀርበው በታመመው ላይ አይደለም። ሰምተን ምን እንዳደረግን የምንጠየቀው እኛ ነን፤ በቤተ ክርስቲያንም፣ በጸሎት ቤትም፣ በዱቡሻም የምንቀመጥ ጤነኞች። አማኝ ሰው በመጨረሻው ቀን የሚጠየቀውም ጎረቤቱ ለምን እንደታመመ በትክክል መርምሮ እንደሆነ አይደለም፤ ሲታመም ጠይቆት እንደሆነ ነው።